የሥልጠና ወጪ ከዕቃው ዋጋ ይቆጠር

በዘመናችን የመንገደኞች አይሮፕላን ከተነሣ በኋላ አብዛኛውን የመንዳት ሥራ የሚፈጽመው ኮምፒዩተር መሆኑ የታወቀ ነው። ይህም ጥበብ የአብራሪውን ድካም እንዳቃለለ፣ የበረራንም ደኅንነት እንዳሻሻለ የሚክድ የለም። ነገር ግን መሣሪያው በራሱ የሚሠራውን አብራሪው ካላወቀ፣ በችግር ጊዜ ረዳቱ ባላጋራ ይሆንበታል።

ለዚህ ምስክሩ ቦይንግ 737 ማክስ ነው። የአይሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ወደ ታች የሚያዘነብለው መሣሪያ የሚታዘዘው በአንድ ጠቋሚ ብቻ ሲሆን፣ የመጀመሪያው አደጋ እስኪደርስ ድረስ አሠራሩ በአብራሪዎች መመሪያ መጽሐፍ አልተገለጸም ነበር። የቀድሞውን 737 የሚያውቅ አብራሪ በበረራ መለማመጃ መሣሪያ መሠልጠን አያስፈልገውም መባሉም ለገዢዎች እንደ ታላቅ ጥቅም ይነገር ነበር። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ 189 ሰዎች፣ በዚያው ዓመት መጋቢት 1 ቀን ደግሞ ወደ ናይሮቢ ይበር በነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አይሮፕላን ቢሾፍቱ አጠገብ 157 ሰዎች አለቁ።

ከዚያ ወዲህ መሣሪያው የሁለት ጠቋሚዎችን ቃል እንዲያመሳክር፣ አብራሪዎችም በመለማመጃው እንዲሠለጥኑ ተደርጓል። ቀድሞ የተቆጠበው ገንዘብ ብዙ እጥፍ ሆኖ ተከፈለ፤ የጠፋው ሕይወት ግን በምንም አይተካም።

እንግዲህ በራሱ የሚሠራ መሣሪያ ከውጭ የምናስመጣ፣ ለደንበኛም የምንሸጥ ነጋዴዎች ከዚህ ልንማር ይገባል። በዋጋው ከመከራከራችን አስቀድሞ፣ መሣሪያው ያለ ሰው ትእዛዝ ምን እንደሚሠራ፣ ሲሳሳትም በምን እንደሚቆም እንጠይቅ። ሙሉ መመሪያና ሥልጠና ያልተጨመረበት ዕቃ ርካሽ መስሎ ቢታይም፣ ቀሪው ሂሳብ በኋላ የሚመጣ ነው።