ካርዱን የሚያነብለት ያጣ ከሳሽ

በኢትዮጵያ ቤተሰቡን በሕክምና ስህተት ያጣ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው «ቀኑ ደርሶ ነው» የሚለውን ነው። ቀጥሎ «ከሐኪም ጋር ተካሰህ የት ልትደርስ?» ይባላል። ይህን ሁሉ አልፎ ጠበቃ ቢሮ የደረሰ ደግሞ ሦስተኛውን ይሰማል፦ «ማስረጃ አለህ?»

ማስረጃው አለ። ካርዱ ውስጥ ነው። የጠፋው ካርዱን የሚያነብ ሰው ነው።

ጠበቃው ሕግ ተማረ እንጂ ፓርቶግራፍ አልተማረም። ዳኛውም እንዲሁ። ፓርቶግራፍ ምጥ የያዛት እናት የምትከታተልበት አንድ ገጽ ወረቀት ነው። የፅንሱ የልብ ምት በየ30 ደቂቃው ይመዘገብበታል። የማህፀን በር አከፋፈት የማስጠንቀቂያውን መስመር ሲያልፍ «ንቁ» ማለት ነው። ከዚያ በ4 ሰዓት ርቀት ላይ ያለውን የእርምጃ መስመር ከነካ ደግሞ ውሳኔ የግድ ነው። ለጠበቃ ይህ ሁሉ ነጥብና ጭረት ነው። ማዋለጃ ክፍል አሥር ዓመት ያደረች ሲስተር ግን ሌሊቱን እንዳለ ታነበዋለች። ከሌሊቱ 7 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ምንም እንዳልተጻፈ ታያለች። የ12 ሰዓት ክትትል በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ፣ በአንድ ቁጭታ የተሞላ ከሆነ ትጠረጥራለች። ተረኛዋ «ሐኪም ጠርቻለሁ» ብላ የጻፈችበትን ሰዓት ሐኪሙ ከፈረመበት ሰዓት ጋር ታስተያያለች።

ይህች ሲስተር ከጠበቃው አጠገብ ብትቀመጥስ?

አሜሪካ ውስጥ ከተቀመጠች ቆይታለች። ሥራው የሕግ ነርስ አማካሪነት ይባላል። ማኅበራቸው በ1989 እ.ኤ.አ. ተመሥርቷል። በማኅበሩ በኩል የሚሰጠውን የሙያ ማረጋገጫ ለማግኘት 5 ዓመት በነርስነት መሥራት፣ በማማከሩ ሥራ ደግሞ 2000 ሰዓት ማሳለፍ ይጠየቃል። ጠበቃው የካርዱን ክምር ያስረክባቸዋል። እነሱ ታካሚው ከገባበት ሰዓት ጀምሮ የሆነውን ሁሉ በቅደም ተከተል ያስቀምጡታል፤ የጎደለውን ገጽ ይለያሉ፤ መደረግ የነበረበትንና የተደረገውን ጎን ለጎን ያሳያሉ፤ የትኛው ስፔሻሊስት ለምስክርነት እንደሚያስፈልግ ይጠቁማሉ። የሚሠሩት ለከሳሽ ብቻም አይደለም፤ ለተከሳሽ ጠበቆች፣ ለሆስፒታሎችና ለኢንሹራንስም ይሠራሉ። ከሥራቸው ትልቁ ደግሞ ካርዱን አይተው «እዚህ ጥፋት የለም፣ ክሱን ተው» ማለታቸው ነው።

ነርስ ከሐኪም በታች ናት ለሚሉ ሁለት የኢሊኖይ ጉዳዮች ይበቃሉ። በ1960 እ.ኤ.አ. አንድ የ18 ዓመት ተማሪ በአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ እግሩ ተሰበረና ቻርልስተን ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል ጄሶ ታሰረለት። ጣቶቹ አበጡ፣ ጠቆሩ። በመጨረሻ እግሩ ከጉልበት በታች ተቆረጠ። የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1965 በሆስፒታሉ ላይ የተሰጠውን ፍርድ ሲያጸና፣ ነርሶቹ የእግሩን የደም ዝውውር በበቂ ሁኔታ እየደጋገሙ አለማየታቸውንና ሐኪሙ እርምጃ ሳይወስድ ሲቀር ለአስተዳደሩ አለማሳወቃቸውን እንደ ጥፋት መቁጠር እንደሚቻል ተናገረ። ያው ፍርድ ቤት በ2004 ደግሞ አንድ ሐኪም በነርሶች ሥራ ደረጃ ላይ እንዳይመሰክር መከልከሉ ትክክል ነው አለ፤ ነርስ ምን ማድረግ እንዳለባት የሚመሰክር ነርስ የሆነ ሰው ነውና።

አሁን ወደ አዲስ አበባ። ሕግ የለም እንዳይባል፣ አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ ጠብቆ እንዲሠራ ያስገድዳል። በአንቀጽ 2651 ሆስፒታል የቀጠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶቻቸው በጥፋታቸው ለሚያደርሱት ጉዳት ተጠያቂ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው ስለመግደል ሲናገር ሐኪምንና ሾፌርን በአንድ ረድፍ ይጠራል። ካርድ ማንበብ ለማይችል ከሳሽ ግን ይህ ሁሉ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ምክንያቱም አንቀጽ 2143 ከውል ውጭ ለሚቀርብ የካሳ ክስ 2 ዓመት ብቻ ይሰጣል። 2 ዓመት «ካርዱ አልተገኘም»፣ «መዝገብ ቤት ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ሲባል ያልቃል። ክሱ ቢደርስ እንኳ የባለሙያ አስተያየት ሲያስፈልግ ጥያቄው ወደ ጤና ባለሙያዎች ኮሚቴ ይሄዳል። ኮሚቴው ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም። ኮሚቴው የሚመልሰው የተጠየቀውን ነው። ጥያቄውን ያዘጋጀው ደግሞ ካርዱን ያላነበበ ሰው ነው። «ጥፋት አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ «ከሌሊቱ 7 እስከ 10 ሰዓት የፅንሱ ልብ ለምን አልተዳመጠም?» ብሎ መጠየቅ ሌላ። ሁለተኛውን በደፈናው መመለስ አይቻልም።

«ይህ ሐኪሞችን ማሳደድ ነው» የሚሉ አሉ። ተቃራኒው ነው። ዛሬ መልስ ያጣ ቤተሰብ የሐኪሙን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ይለጥፋል። ሕጉ ራሱ በአንቀጽ 2647 ሐኪም በጽሑፍ ቃል ካልገባ በቀር አድናለሁ ብሎ ዋስ እንዳልሆነ ይናገራል። ጥንቃቄ ቢደረግም የሚመጣን ችግር ከቸልተኝነት ለይቶ ለቤተሰቡ በሰላም የሚያስረዳ ሰው ቢኖር መጀመሪያ የሚያርፈው ሐኪሙ ነው።

«ሲስተሯ እንጀራዋን ታጣለች» የሚለው ግን የምር ነው። ተረኛ ሆና በምትሠራበት ሆስፒታል ላይ ማንም እንድትናገር ሊያስገድዳት አይገባም። ጡረታ የወጡ ነርሶች ግን አሉ። ነርሲንግ የሚያስተምሩ አሉ። በዋሽንግተን አካባቢ ሆስፒታሎች የሚሠሩ፣ አማርኛም የካርድ ቋንቋም የሚያውቁ ኢትዮጵያውያን ነርሶች አሉ፤ ቤተሰቡ ከፈቀደ ከዚያ ሆነው ማንበብ ይችላሉ። ዩኒቨርሲቲዎች የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው፤ ከሕግ ትምህርት ቤቱ ጥቂት እርምጃ ርቀው የሚያስተምሩ ነርሶችም አሏቸው። እነዚህን ሁለት ክፍሎች በሳምንት አንድ ቀን ለማገናኘት አዋጅ አያስፈልግም። የአንድ ዲን ደብዳቤ ይበቃል። ያ ደብዳቤ እስካሁን ያልተጻፈው የማን ሥራ ስለሆነ ነው?

እስኪጻፍ ድረስ ጉዳት የደረሰበት ቤተሰብ ለቅሶው ሳይበርድም ቢሆን ሁለት ነገር ያድርግ። የካርዱን ኮፒ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ማመልከቻውን ገቢ ያደረገበትን ቀንም ይያዝ። ያን ሌሊት ማን ተረኛ እንደነበር፣ በስንት ሰዓት ማን ምን እንዳለ ሳይረሳው ይጻፍ። ጠበቃውም የክስ ማመልከቻውን ከመጻፉ በፊት አንዲት ሲስተር ቡና ይጋብዝና ካርዱን ፊቷ ይዘርጋ።

ለምታውቁት ጠበቃና ለምታውቋት ሲስተር አድርሱት።