«ፎርማት ይደረግ» የሚለው ምክር ስንት ፋይል በላ?

ላፕቶፕ ሲዘገይ ፎርማት። ቫይረስ ሲገባ ፎርማት። ዊንዶውስ 10 ጊዜው አለፈበት ሲባል ያው ፎርማት። በየኮምፒውተር ጥገና ቤቱ ለማንኛውም ሕመም የሚታዘዘው መድኃኒት አንድ ነው። መድኃኒቱ ታማሚውን ሲገድል ግን ተጠያቂ የለም። «ባክአፕ መያዝ ነበረብህ» ይባላል፣ ሒሳብ ይከፈላል፣ አለቀ።

ይህ ልማድ መቆም አለበት።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕና አዲስ ትውልድ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። አሮጌ ላፕቶፕ ይህን አያሟላም። ስለዚህ ገበያው መላ ፈጠረ፦ መስፈርቱን ዘሎ የሚጫን፣ «የማያስፈልገው» ተቆርጦ የወጣለት «ቀለል ያለ» ዊንዶውስ።

ምኑ ተቆርጦ ነው የቀለለው? ከእነዚህ አንዱ የሆነው ታይኒ11 ኮር አፕዴት የመቀበል አቅሙ ጭምር ተነቅሎለታል። ሠሪው ራሱ ለሙከራ እንጂ ለዕለት ተዕለት ሥራ እንዳልሆነ በግልጽ ተናግሯል። እንዲህ ያለውን በፍላሽ ገልብጦ ለደንበኛ የሚጭነው ሰው ግን ይህን አይናገርም። የሒሳብ ሠራተኛዋ የምታየው የፈጠነ ላፕቶፕ ነው፤ በሩ ያለ ቁልፍ መቅረቱን አታይም። ምንጩ በማይታወቅ ኮፒ ውስጥ ምን እንደተጨመረማ ጫኙም አያውቅም።

«ኦሪጅናል ከሆነ ችግር የለውም» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 ማይክሮሶፍት ራሱ የለቀቀው የዊንዶውስ 10 አፕዴት የአንዳንድ ተጠቃሚዎችን ፋይሎች ሰርዞ፣ በቀናት ውስጥ ስርጭቱ እንዲቆም ተደርጓል። የተጎዱት ጥቂት ናቸው ተባለ። የመመረቂያ ጽሑፉ ለጠፋበት ሰው ግን «ጥቂት» የሚባል ነገር የለም።

ሊኑክስም አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2021 ታዋቂው የቴክኖሎጂ ዩቲዩበር ላይነስ ሴባስቲያን ፖፕ ኦኤስ በተባለ ሊኑክስ ላይ ስቲም የተባለውን የጌም ፕሮግራም ሊጭን ሞከረ። ፓኬጆቹ እርስ በርስ ስላልተጣጣሙ ሲስተሙ አስፈላጊ ክፍሎች ሊጠፉ መሆኑን አስጠነቀቀ፤ ለመቀጠልም የማረጋገጫ ዐረፍተ ነገር እንዲጽፍ ጠየቀው። ጻፈ። ዴስክቶፑ እንዳለ ተነቀለ። ብዙዎች ተሳለቁበት። የፓኬጅ መጫኛው አዘጋጆች ግን እንዲህ ያለው ስረዛ በቀላሉ እንዳይፈጸም መሣሪያቸውን አጠበቁት። ተጠቃሚውን መውቀስ ብቻ መፍትሔ እንዳልሆነ ገብቷቸዋል።

እዚህ አገር ግን ወቀሳው አሁንም ወደ ባለንብረቱ ነው። የዴስክቶፕና የዶክመንትስ ፎልደሮች ይገለበጡና «ባክአፕ ተይዟል» ይባላል። የፒችትሪ ሒሳብ ዳታ ግን ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው እዚያ ሳይሆን በሲ ድራይቭ ውስጥ ነው። ሲ ፎርማት ሲደረግ የድርጅቱ የዓመታት መዝገብ አብሮ ይሄዳል። በቪዥዋል ግዕዝ ቆየት ባሉ ፎንቶች የተጻፈ ውልም ፎንቱ ካልተመለሰ ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። ፋይሉ አለ፤ የሚያነበው ግን የለም።

«እንግዲያው አለመንካት ነው» የሚሉ አሉ። እነሱም ተሳስተዋል። ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 በ150 ገደማ አገሮች ኮምፒውተሮችን ሲቆልፍ፣ የብሪታንያ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ቀጠሮ ሲሰርዙ፣ ቀዳዳውን የሚደፍነው አፕዴት ከወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። አፕዴት መሸሽ ጣሪያው ያፈሳል ብሎ ጠጋኙን እንደማባረር ነው።

ስለዚህ ጥያቄው አፕግሬድ ይደረግ ወይስ አይደረግ አይደለም። ጥያቄው በምን ቅደም ተከተል፣ በማን ኃላፊነት ነው። መጀመሪያ ሙሉ ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ ይያዝ። ቅጂው በሌላ ኮምፒውተር ተከፍቶ ይታይ፤ ያልተከፈተ ባክአፕ ባክአፕ አይባልም። የሚሠራባቸው ፕሮግራሞችና ፎንቶች ይዘርዘሩ። ምን እንደሚያደርግ ያልታወቀ ፓኬጅ አይነቀል። ከዚያ በኋላ ይጫን።

ጥገና ቤቶችም የጫኑትንና የነቀሉትን ጽፈው ለባለንብረቱ ይስጡ። ሞተር የፈታ መካኒክ የቀየረውን ዕቃ ያሳያል። የሰውን የዓመታት ሥራ የሚነካ ባለሙያ ከዚህ ያነሰ ሊጠየቅ አይገባም። ደንበኛውም ያንን ወረቀት ሳይቀበል ገንዘቡን አይክፈል።