ከደመራው ማግስት ቁፋሮ አለ



ደመራው ተለኩሶ ነበልባሉ ከፍ ሲል፣ የተሰበሰበው ምእመን ዓይን ሁሉ ምሰሶው ወደሚወድቅበት አቅጣጫ ያተኩራል። የመጪውን ዘመን ጥጋብና ራብ፣ ሰላምና ሁከት ከአወዳደቁ ለመረዳት የሚሹ አባቶችና እናቶች ጥቂቶች አይደሉም። የሰው ልጅ ነገውን አስቀድሞ ቢያውቅ ይወዳልና ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። ሆኖም በዚህ በዓል የምናስባት ንግሥት ዕሌኒ ምልክት ከመጠበቅ አልፋ የሄደች ናት።

ትውፊቱ እንደሚያስረዳው፣ ንግሥቲቱ ኢየሩሳሌም በደረሰች ጊዜ መስቀሉ የተቀበረበትን ስፍራ በእርግጥ የሚያሳያት አላገኘችም። አረጋዊውን ኪራኮስን ጠየቀች፤ እርሱም ከአባቶቹ የሰማውን ነገራት። ጸለየች፤ ደመራ አስደምራ ዕጣን አስጨመረች፤ ጢሱም ወደ ምድር ተመልሶ ስፍራውን አመለከተ። ቁፋሮው መስከረም 17 ቀን ተጀመረ፤ መስቀሉ የተገኘው ግን መጋቢት 10 ቀን ነው። ምልክቱ የአንድ ቀን ሲሆን ቁፋሮው ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። በዚያ ሁሉ ጊዜ «ጢሱ በእርግጥ ወደዚህ ነበርን?» እያለች ሌላ ደመራ ስታስደምር አንሰማም።

ይህን ታሪክ ዛሬ ያነሣነው የመስቀል ሰሞን በብዙ ቤት የውሳኔ ሰሞን ስለሆነ ነው። ባለፉት ዓመታት የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በዘመን መለወጫ ዙሪያ ሲሰማ ቆይቷል። በ2017 ዓ.ም. ከተፈተኑት 585,882 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 48,929፣ ማለትም 8.4 በመቶ ነበሩ። ከ536 ሺህ የሚበልጡት አዲሱን ዓመት የጀመሩት «አሁንስ ምን ልሁን?» በሚል ጥያቄ ነው።

ጥያቄው በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ፣ በቦረና፣ በሳይንት፣ በለጋምቦ፣ በከላላና በወግዲ ለሚኖሩ ቤተሰቦች ይበልጥ ይከብዳል። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በከተማዋ ግቢ አለው፤ በሩ ቀርቦ ውጤቱ የራቀበት ወጣት በየቀኑ በደጁ ያልፋል። ለማካካሻ ትምህርት ይሞክር? ደግሞ ይፈተን? የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ይግባ? ከአባቱ ጋር ይረስ? ትዳር ይያዝ? ወይስ እንደ ብዙዎቹ የወሎ ልጆች ወደ ዓረብ አገር ያቅና?

ሁሉንም ያስባል፤ አንዱንም አይጀምርም። ሌሊት ያቆመውን ሐሳብ ጠዋት ያፈርሰዋል። ቤተሰቡም «ልጃችን አስተዋይ ነው፤ አይቸኩልም» ይላል። አለመወሰን የማስተዋልን ልብስ ለብሶ ስለሚመጣ ለመለየት ያስቸግራል። ነገር ግን እኛ ያልወሰንነውን ነገር ሌላ ይወስነዋል። ወራት አልፈው ተስፋ ሲሟጠጥ፣ ደላላ በአንድ ምሽት ወሬ ያን ሁሉ ሐሳብ ይቆርጠዋል። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. በየመን ጠረፍ በሰጠመችው ጀልባ ከ60 በላይ ሰዎች አልቀዋል፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ሟቾቹ ሳያስቡ ሄዱ ማለታችን አይደለም፤ ችግር የሚገፋው ብዙ ነው። ዳሩ ግን ይህን የመሰለ መንገድ በማሰብ ብዛት የደከመ ልብ ሊወስነው አይገባም።

ይህን ስንል ችኮላን ማወደሳችን አይደለም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና። ልንለይ የሚገባን ምክርንና ማብሰልሰልን ነው። ምክር ከሰው ወይም ከጸሎት አዲስ ነገር ይዞ ይመለሳል፤ ማብሰልሰል ግን እህል የሌለበት ወፍጮ ነው፤ ድንጋዩ ይፋጫል እንጂ ዱቄት አይወርድም። አንድን ጉዳይ ለሦስተኛና ለአራተኛ ጊዜ አንሥተን አዲስ ነገር ካላገኘን፣ የቀረን ሐሳብ ሳይሆን ፍርሃት መሆኑን ማወቅ ይገባናል።

መፍትሔውን ከሩቅ መፈለግ አያሻም፤ የአገራችን ገበሬ ያውቀዋል። በዓባይና በበሽሎ ተፋሰስ ያለው አራሽ ዝናቡ እንደሚዘልቅ ማረጋገጫ የሚሰጠው የለም። ሰማዩን ያያል፤ አፈሩን ይጨብጣል፤ ሽማግሌ ይጠይቃል፤ ከዚያም ይዘራል። ዘሩን ሁሉ ግን ባንድ ቀን ከጎታው አያወጣም። በሚያዝያ የዘራው ማሽላ ዝናብ አጥሮት ቢከስም፣ ማሳውን ገልብጦ በሐምሌ ጤፍ ይዘራበታል፤ ያም ባይሆን ክረምቱ ሲወጣ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ይሞክራል። ሳይዘራ የከረመ ግን የሚገለብጠው ቡቃያ እንኳ የለውም።

እንግዲህ በዚህ በዓል በማዕድ ዙሪያ የተሰበሰበ ቤተሰብ ሁሉ ጉዳዩን እንዲያነሣው እንመክራለን። በመጀመሪያ፣ ቢሳሳቱ የሚመለሱበትን መንገድ ከማይመለሱበት ይለዩ። የሙያ ሥልጠና የጀመረ ሊተወው ይችላል፤ ባሕር የተሻገረ ግን እንዲያ በቀላሉ አይመለስም፤ ቃል ኪዳን የገባም እንዲሁ። ለመጀመሪያው ጥቂት ቀን ይበቃል፤ ለሁለተኛው ሱባኤና ብዙ ምክር ያስፈልጋል። ቀጥሎም የመወሰኛ ቀን ይቁረጡ፤ ቀን ያልተቆረጠለት ሐሳብ አያልቅም። የነፍስ አባትን ያማክሩ፤ ካህኑም የሚጠየቁት እንዲመክሩና እንዲጸልዩ እንጂ የነገን እንዲተነብዩ አይደለም። ወላጆችም ልጃቸውን ይስሙት፤ በእርሱ ፈንታ መርጠው ኋላ የሚወቅሱት አይሁኑ። ከሁሉም በላይ፣ የመጀመሪያው ምርጫ ባይሰምር ቤቱ ክፍት መሆኑን ይንገሩት። ብዙ ወጣት ከመወሰን የሚያፈገፍገው ስሕተቱን ሳይሆን ከስሕተቱ በኋላ የሚጠብቀውን ፊት ፈርቶ ነውና።

እምነት ነገን ማወቅ አይደለም። የሚታወቀውን ያህል አጣርቶ፣ የማይታወቀውን ለፈጣሪ ሰጥቶ፣ መቆፈሪያውን ማንሣት ነው። ዛሬ የሚጀመር ቁፋሮ ፍሬው ነገ ላይታይ ይችላል፤ ከመስከረም እስከ መጋቢት ረጅም መንገድ ነው። ነገር ግን መጋቢት የሚደርሰው በመስከረም ለጀመረ ነው።

በዓሉ የሰላም፣ የፍቅርና የቆራጥነት በዓል ይሁንልን!