ሮቤል ሲያቆም ለምን ሁሉም ነገር ቆመ? ከራስ ደጀን ግርጌ የሚነሳ የስፖርት ጥያቄ

የክረምት ኦሎምፒክ ሰሞን ስልካችን በአንድ ዓይነት ቪዲዮ ይሞላል። አንድ ወንድና አንዲት ሴት በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ ይመጣሉ፣ ድንገት ወደ ላይ ይወረውራታል፣ አየር ላይ ሦስት ጊዜ ተሽከርክራ በአንድ እግሯ ታርፋለች። እኛም "ኧረ በስመአብ!" ብለን፣ ላይክ አድርገን እናልፋለን። ኮሜንቱ ላይ ደግሞ አንድ ሰው አይጠፋም፦ "ይሄ የእኛ ስፖርት አይደለም፣ እኛ በረዶ የለንም።"

በረዶ የለንም? ይሄንን ለጃናሞራ ሰው ንገሩት። ከደባርቅ ተነስቶ በሳንቃ በርና በጨነቅ በኩል ወደ መካነ ብርሃን የሚሄደው መንገድ ቧሂትን ሲያቋርጥ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ራስ ደጀን ደግሞ 4,550 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። እዚያ ላይ ጠዋት መሬቱ በአመዳይ ነጭ ሆኖ ማየት ብርቅ አይደለም። በረዶ ጥሎ የተራራውን ጫፍ የሚያለብስበት ጊዜም አለ። እርግጥ ነው፣ ፀሐይ ስትወጣ ይሟሟል፣ ስኪ የሚነዱበት አይደለም። ግን ጥያቄው የበረዶ ነው እንዴ? አይመስለኝም። ለምን እንደሆነ በሦስት ታሪክ እንየው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪክ 1፦ አንድ ሰው፣ አንድ ባንዲራ

ብዙዎቻችን ላናውቀው እንችላለን፣ ኢትዮጵያ በክረምት ኦሎምፒክ ተወዳድራለች። ያውም ሁለት ጊዜ። ሮቤል ተክለማርያም ይባላል። በ1974 አዲስ አበባ ተወለደ፣ ልጅ እያለ ወደ አሜሪካ ሄደ፣ ሌክ ፕላሲድ በምትባል ትንሽ ተራራማ ከተማ ትምህርት ቤት ገብቶ ስኪ ተማረ። ቀጥሎም ለኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ ተወዳደረ።

የመረጠው የስኪ ዓይነት ስሙ ራሱ ለእኛ እንግዳ አይደለም፦ አገር አቋራጭ። በጃን ሜዳ የምናውቀው አገር አቋራጭ በእግር ነው፣ የእሱ በበረዶ ላይ ነው። ትንፋሽ፣ ልብ፣ ጽናት የሚጠይቅ ነው። "ኢትዮጵያዊ ለዚህ አይሆንም" የሚል ሰው ካለ ስፖርቱን አላየውም ማለት ነው።

ችግሩ ሌላ ጋ ነበር። ለክረምት ኦሎምፒክ ለመብቃት ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን በሚያውቃቸው ውድድሮች ነጥብ መሰብሰብ ግድ ነው። እዚያ ለመመዝገብ ደግሞ የሀገር ፌዴሬሽን ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ አልነበራትም። ስለዚህ ሮቤል ከወንድሙ ጋር ሆኖ ፌዴሬሽኑን ራሱ አቋቋመ። አዲስ አበባ ሲመጣ ጎማ በተገጠመለት ስኪ አስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር።

በ2006 ቱሪን ላይ ብቸኛው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ሰንደቅ ዓላማችንን ይዞ ገባ፣ በ15 ኪሎ ሜትር 83ኛ ወጣ። በ2010 ቫንኩቨር ላይ እንደገና ብቻውን ተሰለፈ፣ 93ኛ ሆነ። ደረጃውን አይታችሁ አትሳቁ። ፌዴሬሽኑን መሥርቶ፣ ወጪውን ፈልጎ፣ ነጥቡን ሰብስቦ፣ ተወዳድሮ መጨረስ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። እሱ ግን አደረገው።

ከዚያስ? ከዚያማ የለም። በሶቺ 2014፣ በፒዮንግቻንግ 2018፣ በቤጂንግ 2022 ኢትዮጵያ አልተሰለፈችም። ጎረቤታችን ኤርትራ እንኳ በ2018 እና በ2022 ካናዳ ያደገውን ሻነን አበዳን አሰልፋለች። የእኛ ታሪክ በሮቤል ተጀምሮ በሮቤል አለቀ።

ታሪክ 2፦ አጣማሪዋ ጥሏት የሄደው ሻምፒዮን

አሁን ወደዚያ የጥንድ ሸርተቴ ቪዲዮ እንመለስ። የዚህ ስፖርት ትልቁ ስም ሩሲያዊቷ ኢሪና ሮድኒና ናት። በ1949 ሞስኮ ተወለደች። ከ1969 እስከ 1978 በተከታታይ አሥር ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን፣ ሦስት ጊዜ ደግሞ የኦሎምፒክ ወርቅ አሸናፊ ሆናለች።

የጥንድ ስፖርት ከባዱ ነገር ምን መሰላችሁ? ግማሽህ ሌላ ሰው ነው። በ1972 ሮድኒና ከአሌክሲ ኡላኖቭ ጋር ሳፖሮ ላይ ወርቅ ባገኘችበት ዓመት፣ ኡላኖቭ ከተፎካካሪው ጥንድ ሴቷን ወድዶ አገባና ከባለቤቱ ጋር ለመወዳደር ትቷት ሄደ። ለሌላ ሰው ቢሆን የስፖርት ሕይወቱ አበቃ ማለት ነበር።

ለእሷ ግን አላበቃም። የሠራዊቱ ክለብ አሠልጣኝ ስታኒስላቭ ዡክ፣ አሌክሳንደር ዛይሴቭ የሚባል ወጣት አመጣላት። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1973 የዓለም ሻምፒዮና ላይ፣ መሃል ላይ ሙዚቃው ድንገት ተቋረጠ። ሁለቱ ግን አልቆሙም። በጸጥታ፣ በጫማቸው ድምፅ ብቻ፣ እስከ መጨረሻው ተጫውተው አሸነፉ። በ1976 ኢንስብሩክ ላይ ወርቅ ደገሙ። በ1979 ልጅ ወለደች፣ በቀጣዩ ዓመት የካቲት ተመልሳ ሦስተኛውን ወርቅ ወሰደች።

ሦስተኛው ወርቅ የት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሌክ ፕላሲድ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ኢትዮጵያዊ ልጅ ስኪ የተማረባት ያቺው ከተማ።

ከተማዋ አንድ ናት፣ መጨረሻው ግን ተለያየ። ሮድኒና ስታቆም የሩሲያ ጥንድ ሸርተቴ አልቆመም። ከ1964 እስከ 2006 በተካሄዱት 12 የክረምት ኦሎምፒኮች በሙሉ የጥንድ ወርቁ ወደ ሶቪየትና ወደ ሩሲያ ጥንዶች ሄዷል (በ2002 ከካናዳ ጥንድ ጋር ተጋርተውት)። መሃል ላይ ሀገሩ ራሱ ፈርሷል፣ ወርቁ ግን አልተቋረጠም። ክለቡ፣ አሠልጣኙ፣ ተተኪው ቀድሞ ስለነበረ ነው።

አንድ ነገር ግን እንዳንረሳ። ሥርዓት ሲባል ሁሉ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። በቤጂንግ 2022 የ15 ዓመቷ ሩሲያዊት ካሚላ ቫሊዬቫ በተከለከለ መድኃኒት ጉዳይ ዓለም ፊት ስታለቅስ አይተናል፣ በኋላም የአራት ዓመት ቅጣት ተጥሎባታል። የዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ደግሞ በዩክሬን ጦርነት ምክንያት የሩሲያ ሸርተቴ ተወዳዳሪዎች ከዓለም አቀፍ መድረክ ታገዱ። ልጅን የማይጠብቅ ሥርዓት ልጅን ይበላል፣ ፖለቲካም የብዙ ዓመት ልፋትን በአንድ ቀን ይዘጋል። ከእነሱ የምንወስደው አንዱን ነገር ብቻ ነው፦ መቀጠልን።

ታሪክ 3፦ የእኛው

"እኛ እንዲህ ዓይነት ነገር የለንም" እንዳትሉ። አለን፣ ነበረንም።

ሜክሲኮ 1968። በሮምና በቶኪዮ ማራቶንን ያሸነፈው አበበ ቢቂላ እግሩን ታምሞ 17 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ አቋረጠ። የዓለም ትልቁ ሯጭ ወጣ። ያሸነፈውስ? ማሞ ወልዴ፣ ሌላው ኢትዮጵያዊ። ሁለቱም የክቡር ዘበኛ ልጆች ነበሩ። አበበን ያሠለጠነው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን አንድ ጀግና ብቻ ፍለጋ አልነበረም የሚሠራው። አንዱ ሲወድቅ ሌላው እዚያው መንገድ ላይ ነበር።

በቆጂም እንደዚያው ናት። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ፣ አራቱም የኦሎምፒክ ወርቅ ያመጡት ከዚህች የአርሲ ትንሽ ከተማና ከአካባቢዋ ነው። ሰው "አየሩ ነው፣ ከፍታው ነው፣ ገብሱ ነው" ይላል። የበቆጂ ከፍታ 2,800 ሜትር ገደማ ነው።

የደባርቅስ? እሱም 2,800 ሜትር ገደማ ነው።

ቆም ብላችሁ አስቡት። ከፍታው ተመሳሳይ። ብርዱ ተመሳሳይ። ገብሱም አለ። ትምህርት ቤት ለመድረስ በየቀኑ ዳገት የሚወጣና የሚወርድ ልጅ ጃናሞራ ውስጥ ሞልቷል። ልዩነቱ ታዲያ ምንድን ነው? በቆጂ ስንታየሁ እሸቱ የሚባል የስፖርት መምህር ነበራት። ማለዳ ተነስቶ ልጆች ሰብስቦ ያሠለጥናል፣ ይመለምላል፣ ወደ ክለብ ይልካል። ይሄንን ለአንድ ዓመት ሳይሆን ለአሥርት ዓመታት አደረገ። ደራርቱ ከሄደች በኋላ ቀነኒሳ መጣ፣ ከዚያ ጥሩነሽ መጣች። ተራራ ሯጭ አይወልድም። ተራራ ላይ በየጠዋቱ የሚጠብቅ አሠልጣኝ ነው ሯጭ የሚያወጣው።

ስለ ስፖርት ማውራት ቅንጦት ነው?

"ጃናሞራ ላይ ሰው የሚበላው ባጣበት ስለ ሩጫ ታወራለህ?" የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2021 ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ድረስ ገብቶ ነበር። በ2023 ደግሞ ጃናሞራና አካባቢው በድርቅ ክፉኛ ተመትቷል። ከዚያ ወዲህም ክልሉ ሰላም አላገኘም። ጎህ ሳይቀድ ለልምምድ የምትወጣ ልጅ ከጫማ በፊት የሚያስፈልጋት ቁርስና ሰላም ያለው መንገድ ነው። እሱ ሳይኖር ስለ ሜዳሊያ ማውራት ቀልድ ነው።

ግን እዚህ አካባቢ ላለ ወጣት ያሉት በሮች ስንት ናቸው? እርሻው መሬት አይበቃም። የስሜን ተራሮች ቱሪዝም ጥይት በተሰማ ቁጥር ይዘጋል። ስደቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሩጫ ለሁሉም እንጀራ አይሆንም፣ ለጥቂቶች ግን በር ነው። ያም በር ዛሬ የሚከፈተው ልጁ ራሱ የአውቶቡስ ገንዘብ ፈልጎ አዲስ አበባ ከወረደ ነው። እንጦጦና ሱሉልታ ላይ ክለብ አገኛለሁ ብሎ ቤት ተከራይቶ፣ ብቻውን። ልክ እንደ ሮቤል።

የሮቤል ታሪክ ያሳፍረናል ማለት አይደለም፣ ያኮራናል። ግን ያስጠነቅቀናልም። አንድ ሰው ብቻውን ባንዲራ ተሸክሞ እስከ ኦሎምፒክ ሊደርስ ይችላል። ሲደክመው ግን ባንዲራውን የሚቀበለው ካልተዘጋጀ፣ እሱ ጋር ያበቃል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ባለሥልጣን መጥቶ "አካባቢያችሁ እምቅ አቅም አለው" ሲላችሁ አጨብጭባችሁ አትመለሱ። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ደሞዙ የማይቋረጥ አሠልጣኝ ማነው? በየዓመቱ ሳይቀር የሚካሄደው የወረዳ ውድድር መቼ ነው? ከሩቅ ቀበሌ የመጣች ልጅ የት ታድራለች፣ ማንስ ይጠብቃታል?

ለእናንተም አንድ ጥያቄ፣ መልሱን ኮሜንት ላይ ጻፉልን። በእናንተ ወረዳ ልጆችን የሚያሠለጥን ሰው አለ? እሱ ነገ ቢታመም ወይም ቢዛወር፣ ከነገ ወዲያ ጠዋት ልምምዱ ይቀጥላል?