ምግብ አልወርድ ሲል

ዛሬ በጤና ዓምዳችን የምናነበው ስለ ምግብ መውረጃ ቧንቧ ነቀርሳ ነው። ይህ ቧንቧ ከጉሮሮ ተነሥቶ፣ በደረት ውስጥ አልፎ ጨጓራ ይደርሳል። ርዝመቱ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከአንድ ስንዝር ብዙም አይበልጥም። የምንጎርሰው ሁሉ በዚያ ያልፋል።

በአርሲ ደጋ የነበሩ አንድ ገበሬ ምን እንደ ገጠማቸው እንንገራችሁ። በመስከረም ቂጣ ሲበሉ ደረታቸው ላይ ቆመ። "ደርቆ ነው" አሉና በውኃ አወራረዱት። በኅዳር እንጀራም መቆም ጀመረ። ባለቤታቸው ተልባ በጥብጠው ሰጧቸው። አንዱ ጎረቤት "እንጥል ወርዶ ነው፤ ይቆረጥ" አለ። ሌላው "ጨጓራ ነው" አለ። እሳቸውም ሰው ፊት ምግብ እንዳይተናነቃቸው ፈርተው ድግስ መሄድ ተዉ። በየካቲት ከወተትና ከአጥሚት በቀር የሚወርድላቸው ነገር አልነበረም። ሱሪያቸው ከወገባቸው እየወረደ ሲያስቸግር ልጃቸው አየና ሐኪም ቤት ወሰዳቸው።

ልብ በሉ። መጀመሪያ ደረቁ ምግብ፣ ቀጥሎ ለስላሳው፣ በመጨረሻ ፈሳሹ ነው የሚቆመው። ዕጢው በቧንቧው የውስጥ ግድግዳ ላይ ይበቅልና መንገዱን ያጠበዋል። ቧንቧው ግን ተለጣጭ ነው። ዕጢው ትንሽ ሳለ ምግቡ ገፍቶ ያልፋል። ሕመምም ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ቂጣው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቆም በሽታው ቀድሞ ሰንብቷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ስድስት ወር መጠበቅ እጅግ ብዙ ነው።

ጤና ጣቢያ ስትሄዱ "ሆዴን ያመኛል" ብቻ አትበሉ። "ስውጥ ደረቴ ላይ ይቆምብኛል፤ ከዚህ ወር ጀምሮ ነው፤ ከስቻለሁ" በሉ። ደም ካስመለሳችሁ ወይም ሰገራችሁ እንደ ከሰል ከጠቆረ ይህንንም ተናገሩ። ምርመራው ያለው በትልቅ ሆስፒታል ስለሆነ ሪፈር ይጽፉላችኋል። ወረቀቱን አትጣሉ። የጤና መድን ደብተር ካላችሁ ያዙት።

ዋናው ምርመራ ኢንዶስኮፒ ይባላል። ቃሉን ቀስ ብላችሁ አንብቡት፦ ኢን-ዶስ-ኮ-ፒ። ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለው ቀጭን፣ ተጣጣፊ ቱቦ ነው። ሐኪሙ ጉሮሮን በመድኃኒት አደንዝዞ በአፍ ያስገባዋል። ያስጨንቃል እንጂ ሥጋ አይቆርጥም። በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ለምርመራው በባዶ ሆድ ነው የሚኬደው። "ቡና ምግብ አይደለም" ብላችሁ እንዳትጠጡ፤ ቀጠሮው ይበላሽባችኋል። ሐኪሙ ዕጢ ካየ ከላዩ ቅንጣት ናሙና ይወስዳል። ነቀርሳ መሆኑ የሚረጋገጠው ናሙናው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። ምግብ የሚቆምበት ሁሉ ነቀርሳ የለበትም። ቧንቧው በጠባሳ ወይም በሌላ በሽታ ሊጠብ ይችላል። እነዚህም መድኃኒት አላቸው።

ነቀርሳው ሳይስፋፋ ከተደረሰበት ሐኪሞች የታመመውን ክፍል ቆርጠው ያወጣሉ። ጨጓራውን ወደ ላይ ስበው ከቀረው ቧንቧ ጋር ያገናኙታል። ከባድ ቀዶ ሕክምና ነው። ከዳነ በኋላ ሰውየው ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ይበላል። የነቀርሳ መድኃኒትና የጨረር ሕክምናም አሉ። ጨረሩ ለብዙ ዘመን የሚሰጠው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። በኋላ በጅማና በሐረርም ተጀምሯል።

እኒያ ገበሬ ለቀዶ ሕክምና አልደረሱም። ዕጢው ጉበታቸው ጋ ደርሶ ነበር። ሐኪሞች በጠበበው ቦታ ማስፋፊያ ቱቦ አስገቡላቸው። ለፋሲካ ከልጆቻቸው ጋር ገበታ ቀርበው የላመ የላመውን በሉ። ክረምቱን ግን አልተሻገሩም።

በሽታው ከምን ይመጣል? ትምባሆና አልኮል ያባብሱታል። አረቄም አልኮል ነው፤ ቤት የወጣ መሆኑ አያድነውም። በአርሲና በባሌ በሽታው በብዛት ስለሚታይ አጥኚዎች ሄደው ሰውን ጠይቀዋል። የሚፋጅ ገንፎ መብላትም ከበሽታው ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። በ2008 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል ሙቀቱ ከ65 ዲግሪ በላይ የሆነ መጠጥ ነቀርሳ ሳያመጣ አይቀርም ብሏል። በየቤታችን ሙቀት መለኪያ የለም። ግን ምላስ የሚያቃጥል ነገር ቧንቧውንም ያቃጥላል። ገንፎ ደግሞ አታላይ ነው። ላዩ የበረደ መስሎ መሐሉ ይፋጃል። መሐሉ ያለው ቅቤም እንደዚያው ነው። ገንፎን ክፉ ነው አላልንም፤ እኛም እንወደዋለን። ይብረድና ይበላ ነው ያልነው። ሻይና ቡናም እንዲሁ።

አንዲት አንባቢያችን "ባሌ ይህ በሽታ አለበት፤ ልጆቹን ከገበታው ልለይ ወይ?" ሲሉ ጠይቀውናል። ስሙ ሳያሳስታቸው አልቀረም። ሳንባ ነቀርሳ በጀርም የሚመጣ ነው፤ በሳልና በትንፋሽ ይተላለፋል። ይኸኛው ግን ሌላ በሽታ ነው። በማንኪያም፣ በጽዋም፣ በትንፋሽም ወደ ሌላ ሰው አይሄድም። እመቤቴ፣ ልጆቹን አይለዩዋቸው። ከአባታቸው ጋር አብረው ይብሉ።