«የውሃ ዳር የላችሁም» ላሉን ባለሙያ

በቅርቡ ደብረ ታቦር ላይ በተካሄደ አንድ ስብሰባ፣ ስለ ቱሪዝም ሊመክሩን ከአዲስ አበባ የመጡ ባለሙያ «ዞናችሁ ታሪክ አለው፤ የውሃ ዳር ግን የላችሁም። ጣናን ባሕር ዳርና ጎርጎራ ይዘውታል» አሉ። ተጨበጨበላቸውም! ከእብናት ድረስ አቧራ ለብሼ የመጣሁት ለካ ይህን ልሰማ ኖሯል።

እኚህ ሰው ከባሕር ዳር ተነሥተው፣ ሐሙሲትን አልፈው፣ ወረታ ላይ ወደ ቀኝ ታጥፈው ነው እኛ ዘንድ የደረሱት። መንገዱን ሙሉ በስተግራቸው ማን የቆየ መሰላቸው? ከደራ እስከ ሊቦ ከምከም ያለው የጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ እኮ የደቡብ ጎንደር ነው። ዞን ሲመክሩ ካርታ መግለጥ ነውር ሆነ እንዴ?

«የለም» ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ግን ገብቶኛል። ሎጅ የለም፣ ጃንጥላ የተተከለበት አሸዋ የለም ማለታቸው ነው። አሸዋውስ እውነት ነው፤ ጭቃ ነው ያለን። ግን በእሳቸው ሒሳብ ጎርጎራም ገበታ ለሀገር ደርሶ እስኪገነባባት ድረስ የውሃ ዳር አልነበረችም ማለት ነው። አጼ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥታቸውን ምን ላይ አቁመውት ኖሯል?

ከሐሙሲት ወደ ምዕራብ ቢወርዱ ቆራጣን ያገኙ ነበር። ዛሬ ጸጥ ያለች መንደር ትሁን እንጂ በዘመኗ ስመ ጥር የነጋዴ ከተማ ነበረች። በ1858 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም የከረመው እዚያ ነው፤ አጼ ቴዎድሮስ ከማዶ ዘጌ ሰፍረው መልእክት በውሃው ላይ ይመላለስ ነበር። የካቶሊክን ሃይማኖት አልቀበልም ብላ ከሱስንዮስ ጋር የታገለችው የወለተ ጴጥሮስ ገዳምም ቆራጣ ነው። ባለሙያው ግን «ታሪክ» ያሉት ጋፋትን ብቻ ነበር።

ይባስ ብሎ ፎገራ ውስጥ ሸሸርና ወላላ የሚባሉ ረግረጎች አሉ። ክረምት ርብ ከጉና ወርዶ፣ የእብናትንና የፋርጣን ጅረት ጠራርጎ ሜዳው ላይ ሲተኛ ከጣና ጋር አንድ ይሆናሉ፤ ጣና ሲሸሽ ደግሞ ውሃቸውን ታቅፈው ብቻቸውን ይቀራሉ። ሌላ አገር ቢሆን ላጉን ብሎ ቲኬት ይቆርጥበታል። በበጋ ከአውሮፓ የሚመጡ ክሬኖች እዚያ ያድራሉ። (ባለሙያው ክሬን የሚያውቁት ሕንፃ ላይ ስለሆነ ልንገራቸው፦ ረጅም እግር ያለው ግራጫ ወፍ ነው።) ጎሕ ሲቀድ እየጮኹ ይነሡና ባሕር ሸሹ ላይ ወርደው የገበሬውን ሽንብራ ይለቅማሉ፤ እረኛው በወንጭፍ ሲያባርራቸው ሃምሳ እርምጃ ፈቀቅ ብለው መልሰው ያርፋሉ።

እነዚህ ውሃዎች እየጠበቡ ነው። መሐላቸው በሞተር ለሽንኩርት ይሳባል፤ ጠርዛቸው ለሩዝ ይታረሳል። ገበሬውን አልወቅስም። የተማረ ሰው መድረክ ላይ ቆሞ «ምንም የለም» ያለበትን መሬት ቢያርስ ምን ያስወቅሰዋል? የኔ ንዴትም እዚህ ላይ ነው፤ እኚህ ሰው ሳያዩ የተናገሩት ቃል፣ ለሚያደርቀው ሁሉ ፈቃድ ሆኖ ነው የሚያገለግለው። ዩኔስኮ እንኳ የጣናን ዙሪያ በ2007 ዓ.ም. የባዮስፌር ክልል ብሎ ሲመዘግብ ይህንኑ ዳርቻችንን ጨምሮ ነው። ፓሪስ ተቀምጦ የታየው ወረታ ላይ ሲታጠፉ ጠፋ!

የዞናችን ሹማምንት ሆይ፣ ሎጅ ሥሩልን አላልንም። መጀመሪያ ውሃው እንዳይደርቅ አድርጉ፤ ከዚያ ወረታ ላይ «ሸሸር በዚህ በኩል» የሚል አንድ ሰሌዳ ትከሉ። እግዜር ሰላሙን ያጽናልንና፣ የሚቀጥለውን ስብሰባ ኅዳር ላይ እዚያው ሜዳ ጥሩት። የባለሙያውን ቦቲ ጫማ እኔ እችላለሁ።