ሽለላው የእኛ፣ ሸክላው የእነሱ!

ሌባ ሳይገባበት ቤቱ ባዶ የቀረ ሰው ማንን ይክሰስ? የእኛም ነገር እንዲሁ ሆኗል።

ጌታቸው መኩሪያ ማን እንደሆነ ያልሰማ ካለ ይስማ። በይፋት ተወልዶ፣ በማዘጋጃ ቤት ባንድ ጀምሮ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኋላም በፖሊስ ኦርኬስትራ የነፋ የሳክስፎን ንጉሥ ነው። አርበኛ ጎፈሬውን አበጥሮ የሚሸልለውን ሽለላ በሳክስፎን ያስጮኸ እሱ ነው። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመለት ሸክላ ላይ ያ ሽለላ አለ፤ “አካለ ውቤ” አለ፤ ቀስ ብሎ አንጀት የሚበላ ዜማም አለ።

ታዲያ ሸክላው የት ደረሰ? ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ “ኢትዮፒክስ” በተባለው ተከታታይ ሥራው 14ኛ ዲስክ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ2003 አወጣው። ቀጥሎም እዚያው ፈረንጅ አገር እንደገና በሸክላ ታተመ። ፓሪስ ላይ ፈረንሳዮች ባንዳቸውን “አካለ ውቤ” ብለው ሰየሙ። “ዘ ኤክስ” የተባለው የሆላንድ ባንድ ደግሞ ሽማግሌውን ጋብዞ እ.ኤ.አ. በ2006 “ሞአ አንበሳ”ን አብሮት ሠራ።

ፈረንጁን ልንወቅስ ነው? በፍጹም! የተጣለ አንስቶ አቧራውን ያራገፈ ምን በደለ? ተወቃሹ የጣለው ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንዲሉ።

አሁን ደግሞ ወደ ጎጃም እንሻገር፤ ሽለላና ፉከራ ዛሬም ከነነፍሱ ያለው እንዲህ ባለው አገር ነውና። ከቡሬ ወጣ ሲሉ፣ ሠርግ ላይ ፎካሪ ዱላውን ይዞ ብድግ ሲል ዳሱ ይናወጣል። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ቡሬን ለቆ ሲፈረጥጥ፣ አርበኛው ልቡን ያሞቀው በዚሁ ዜማ ነበር። የፍኖተ ሰላሙ ተማሪ ግን የአያቱ ሽለላ በሳክስፎን ተነፍቶ ዓለምን እንደዞረ ማን ነገረው? ሸክላውን ልግዛ ቢልስ የትኛው ሱቅ ይግባ?

“ሰው እየሞተ ስለ ሸክላ ታወራለህ?” የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ጎጃም ብዙ ደም አይቷል። ለዚህም ነው የምጮኸው! የጌታቸው ሸክላ ቢሰበር ፓሪስ ቅጂ አለው። የገጠሩ ፎካሪ ሲሞት ግን ቅጂ የለውም።

ሰበብ እንዳይደረደር ደግሞ ሕጉን እንይ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለተቀረጸ ድምፅ የሚሰጠው ጥበቃ 50 ዓመት ነው። የ1972ቱ ሸክላ 50 ዓመቱን እ.ኤ.አ. በ2022 ደፍኗል። የዜማ መብት ላለው ወራሽ ድርሻውን ከፍሎ አገር ውስጥ ለማሳተም ምን ያግዳል? ገንዘብ? ለስብሰባ አበልና ለባነር የሚወጣው ብር ስንት ሸክላ ያሳትም ነበር!

የባህል ቢሮዎች ሆይ! ጌታቸው በ2008 ዓ.ም. አርፏል፤ አሁን አበባ አይፈልግም። ሥራውን ለየትምህርት ቤቱ አድርሱ። በየቀበሌው ያሉትን ፎካሪዎች ስማቸውን መዝግባችሁ፣ ዋጋቸውን ከፍላችሁ ቅረጹ። ዛሬ የእጅ ስልክ እንኳ ይቀርጻል!

አለዚያ የጎጃም የልጅ ልጅ የአያቱን ሽለላ ለመስማት ፓሪስ ድረስ ሸክላ ሊያዝዝ ነው። ያውም በዩሮ!